ኢንሱሊን ሞልቶ ስኳር እንዴት ይጨምራል?

ጥያቄ፦ እናቴ 54 ዓመቷ ነው፣ ወፈር ያለች ናት፣ ዘንድሮ ስኳር አለብዎት ተብላ ግሊቤንክላማይድ የሚባል ክኒን ጀመረች። ሐኪሙ ግን «ኢንሱሊንዎ አላለቀም፣ እንዲያውም ብዙ ነው» አላት። ታዲያ ካለ ስኳሯ ለምን አልወርድ አለ? ግራ ገባኝ እኮ። (ከአዳማ)

መልስ፦ ግራ ቢገባሽ አይገርምም። ቆሽት ውስጥ ያሉት ኢንሱሊን የሚሠሩት ቤታ ሴሎች ስኳርን የሚለኩት አቃጥለው ነው፤ ግሉኮሱ (ስኳሩ) ሚቶኮንድሪያ በሚባለው የሴሉ ምድጃ ውስጥ ይነድና ኤቲፒ የሚባል ጉልበት ይወጣዋል፣ ኤቲፒው ሲበዛ የፖታሲየም በር ይዘጋል፣ ያኔ የካልሲየም በር ይከፈትና ኢንሱሊን የያዙት ትንንሽ ከረጢቶች ደም ውስጥ ይገለበጣሉ።

ውፍረት ሲመጣ ጡንቻና ጉበት ኢንሱሊኑን እንደ ድሮው አይሰሙትም፣ ስለዚህ ቤታ ሴሎቹ ኦቨርታይም ይገባሉ፣ ሐኪሙ ብዙ ነው ያለው እሱን ነው። ብዙ ማለት ግን በቂ ማለት አይደለም! ስብና ስኳር ለዓመታት ሲጫንባቸው ሚቶኮንድሪያው ይደክማል፣ ስኳሩ እየገባም ኤቲፒው እንደሚገባው አይወጣም፣ በሩም በሰዓቱ አይዘጋም።

የእናትሽ ክኒን ማቃጠሉን ዘሎ በሩን ራሱ ይዘጋዋል። ለዛ ነው ሳይበሉም ኢንሱሊን የሚያስለቅቀው፣ እሱን ውጦ እስከ 9 ሰዓት የጾመ ሰው ስኳሩ ወርዶ ላብ በላብ ሆኖ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሊወድቅ ይችላል። የሚጾሙ ከሆነ ቀድመው ሐኪማቸውን ያናግሩ፣ እባክሽ።

ክብደትስ? በ2017 እ.ኤ.አ. ብሪታኒያ ውስጥ በወጣው ዳይሬክት የተባለ ጥናት፣ ከታወቀባቸው 6 ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች በዝቅተኛ ካሎሪ ምግብ ክብደት ቀንሰው በዓመቱ ከመቶ 46ቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መጠን በታች ሆኗል። የእናትሽ ገና ዘንድሮ ነው፣ ክኒኑን ግን በራሳቸው እንዳያቋርጡ።