በጾም ሽሮ እምቢ ስላለችው ድመት

ውድ እኅቴ፣ በዐቢይ ጾም ድመትዎ ሽሮ አልቀምስም በማለቷ ባለቤትዎና አማትዎ መከራከር መጀመራቸውን ገልጸው ምን እንደሚሻል ጠይቀዋል።

እኛም ባሕር ዳር ቤታችን ይኸው ገጥሞናል። 55ቱን ቀን ሙሉ የሚጾመው ባለቤቴ አንድ ቀን ለድመቷ ከጣና ዳር ቀረሶ ዓሣ ገዝቶ፣ ጎረቤት ጾም ገደፈ እንዳይለው በጋቢው ሸፍኖ ሲገባ፣ እርሷ ከአጥሩ በር ጀምራ እየጮኸች ስለተከተለችው ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየው። አማቴ ከሳቅ የተነሣ እንባቸው እየፈሰሰ፣ «እርሷ የንስሐ አባት የላት፤ ማን ጹሚ አላት?» ብለው ዓሣውን ተቀበሉት። ያን ቀን አብረን የሳቅነውን ሳቅ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት፤ ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ወይም ከዓሣ ካላገኘች ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ። በሽሮው ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቀይ የደም ሴሎቿን ስለሚያፈርስ፣ እምቢ ማለቷ ጠቅሟታል። ዓሣውን ቀቅለው፣ አጥንቱን በጥንቃቄ ለቅመው፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ይስጧት፤ ዓሣ ብቻውን ስለማይበቃትም ሥጋ ይጨምሩላት።