የት እንደደረሰ ሲቲው፣ ምን እንደሆነ ናሙናው

ከመሐል ሜዳ የጻፍሽልን እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሲቲ ስካናቸው «በጉበት የተሰራጨ ካንሰር»፣ ከጉበታቸው የተወሰደው ናሙና ደግሞ «ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ፣ ግሬድ 2፣ ኪ-67 8 በመቶ» ይላል፤ የትኛውን እንመን ብለሻል። (ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ሆርሞን ከሚያመነጩ ሕዋሳት የሚነሳ ነው፤ ኪ-67 ደግሞ ከሕዋሳቱ ስንቱ ለመከፋፈል እንደተነሳ የሚያሳይ መቶኛ ነው።) ሁለቱንም እመኑ። ሲቲው ዕጢው የት የት እንደደረሰ ነገራችሁ፤ ናሙናው ምን ዓይነት እንደሆነና በምን ፍጥነት እንደሚያድግ። ጉበት ድረስ የሄደ ዕጢ አዝጋሚ ሊሆን ይችላል። እኛ ቤት ይህን እስክንረዳ ብዙ አልቅሰናል።

አባቴ የጣርማበር ገበሬ ናቸው። አረቄ በቀመሱ ቁጥር ፊታቸው እስከ አንገታቸው ይቀላል፤ ተቅማጡ ሌሊት እንኳ አያስተኛቸውም። ለአሜባ ታከሙ፣ ለታይፎይድ ታከሙ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ዋጡ። በመጨረሻ አልትራሳውንድ ጉበታቸው ላይ እብጠቶች አሳየ። የናሙናው ውጤት አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ከሌላ የሰውነት ክፍል የመጣ ካርሲኖማ»፣ ማለትም ካንሰር። አባቴ መሬታቸውን ለልጆቻቸው ማከፋፈል ጀመሩ።

አዲስ አበባ ያገኘናቸው ሐኪም ወረቀቱን አይተው መጀመሪያ የጠየቁት «ብሎኩ የት አለ?» ብለው ነው። ብሎክ ማለት ናሙናው በሰም ተቀብሮ የሚቀመጥበት፣ ከክብሪት ቀፎ የሚያንስ ነገር ነው፤ ሰሙ መሐል ነጭ ክር የመሰለች ሥጋ ትታያለች። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፀሐይ እንዳያገኘው በጨርቅ ጠቅልዬ መንገዱን ሁሉ በእጄ ይዤው ሄድኩ።

ሥጋዋ እንደገና ተቆርጣ በሲናፕቶፊዚንና በክሮሞግራኒን ማቅለሚያ ስትታይ ሁለቱንም ያዘች፤ የአባቴም ዕጢ ኒውሮኢንዶክራይን መሆኑ በዚህ ታወቀ። የፓቶሎጂ ሐኪሟ የኪ-67ቱን ስላይድ በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ። ሰማያዊ ነጠብጣብ ሜዳውን ሞልቶታል፤ በመካከሉ አልፎ አልፎ ቡናማ አለ። ቡናማዎቹ ለመከፋፈል የተነሱ ሕዋሳት ናቸው። በብዛት ከተሰበሰቡበት ቦታ ቢያንስ 500 ሕዋስ ተቆጥሮ መቶኛው ይወጣል፦ ከ3 በመቶ በታች ግሬድ 1፣ ከ3 እስከ 20 ግሬድ 2፣ ከ20 በላይ ግሬድ 3። የአባቴ 4 በመቶ ሆነ፣ ግሬድ 2 ማለት ነው። ከ20 በላይ ሲሆን የሕዋሱ መልክም ወሳኝ ነው፤ መልኩን ጨርሶ የለወጠው ኒውሮኢንዶክራይን ካርሲኖማ ይባላል፣ ሕክምናውም ሌላ ነው።

አሁን ወደ ሲቲው ልመለስ። እነዚህ ዕጢዎች አብዛኛውን ጊዜ ደም ይጠጣሉ፤ ስለዚህ ለሥዕሉ ሲባል በደም ሥር የሚሰጠው የንፅፅር መድኃኒት ገና በደም ቅዳ ቧንቧ ሲያልፍ ያበራሉ፣ ሲቆይ ከጉበቱ ጋር ይመሳሰላሉ። የአባቴ የመጀመሪያ ሲቲ መድኃኒቱ ከቆየ በኋላ ብቻ የተነሳ ስለነበር ሁለት እብጠት አሳየ፤ ገና ሲያልፍም ከቆየም በኋላ በየዙሩ የተነሳው ግን ሰባት፣ መነሻውንም ትንሹ አንጀት ላይ አገኘው። የእናትሽ እንዴት እንደተነሳ ጠይቂ።

መርፌ የምታወጣው ከአንድ እብጠት ጥቂት ሥጋ ነው። ሌላኛው እብጠት የባሰ ሊሆን ይችላል። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋፋ ካለ፣ ወይም በጋሊየም ፔት ስካን (አዝጋሚውን የዚህ ዓይነት ዕጢ በሚያበራው ሥዕል) ደብዝዞ በስኳሩ ፔት (ስኳር በብዛት የሚወስደውን፣ ፈጣኑን ዕጢ በሚያበራው) የሚያበራ ካለ፣ ከዚያው እንደገና ናሙና መውሰድ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ሥዕሉ ለመርፌዋ መንገድ የሚመራው እዚህ ላይ ነው።

ክሮሞግራኒንን በደም የሚለካ ምርመራ ካዘዙላችሁ እናትሽ ኦሜፕራዞል ይወስዱ እንደሆነ ተናገሩ፤ ያለ ዕጢም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

አባቴ በየወሩ መርፌ እየወሰዱ አምስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል፤ ዘንድሮም ገብስ ዘርተዋል። አንቺ የሲቲውን ሲዲ ከወረቀቱ ጋር ያዢ፣ ብሎኩንም ጠይቂ። ስትረከቢው በላዩ የተጻፈው ቁጥር ከውጤቱ ወረቀት ጋር አንድ መሆኑን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመሽ አረጋግጪ።