ግድግዳ ላይ ፀሐይ ስለምትሞቀው እንሽላሊት

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉም ስለ አንድ ፍጥረት ናቸው። በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ በግድግዳ፣ በአጥርና በዛፍ ግንድ ላይ ትታያለች። ቆዳዋ ያብረቀርቃል፤ ጀርባዋ ላይ ሁለት ነጣ ያሉ መስመሮች አሏት። ባለ መስመር ስኪንክ የምትባል የእንሽላሊት ዓይነት ናት፤ የሳይንስ ስሟ ትራኪሌፒስ ስትሪያታ ነው።

«ግድግዳችን ላይ ትመላለሳለች። ትንንሽ ልጆች አሉኝ። መርዝ ይኖራት ይሆን?»

የላትም። በእጅ ከያዟት ልትነክስ ትችላለች፤ ካልነኳት ግን እሷው ቀድማ ትሸሻለች። ምግቧ ጥንዚዛ፣ ፌንጣ፣ ሸረሪትና የመሳሰሉት ናቸው። እኔ ብሆን አላባርራትም።

«ድመቴ ስትይዛት ጭራዋ ተቆርጦ ቀረ። ጭራው ለብቻው ሲወራጭ አየሁ! ትሞት ይሆን?»

በዚህ ብቻ አትሞትም። ጭራውን የቆረጠችው ድመቷ ሳትሆን ራሷ እንሽላሊቷ ናት። በጭራዋ አጥንቶች ውስጥ በቀላሉ የሚሰበር ስስ ቦታ አለ። ስትያዝ ጡንቻዋን ጨመቅ ታደርግና እዚያ ላይ ይለያያል። የደም ሥሮቹ ወዲያው ስለሚጠብቡ ብዙም አትደማም። ድመቷ የሚወራጨውን ስታሳድድ የጭራው ባለቤት ውልቅ ትላለች።

ጭራው መልሶ ያድጋል፤ ውስጡ ግን እንደ ጆሯችን ለስላሳ የሆነ ካርቲሌጅ እንጂ አጥንት አይኖረውም። ደግሞም ስቧን የምታጠራቅመው ጭራዋ ውስጥ ነው። ስንቋን ጥላ ነው ያመለጠችው።

«ሞታ አገኘኋት። ሆዷ ውስጥ ጥቃቅን እንሽላሊቶች ነበሩ። የሌላ ልጆች በልታ ነው?»

ኧረ አይደለም፤ እርጉዝ ነበረች! ብዙ ሰው እንሽላሊት ሁሉ እንቁላል የሚጥል ይመስለዋል። ይቺ ግን ትወልዳለች፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 9። ልጆቹ እንደተወለዱ ራሳቸውን ችለው ይሮጣሉ። የቅርብ ዘመዷ ባለ አምስት መስመር ስኪንክ ደግሞ እንቁላል ትጥላለች። የአንድ ወገን ልጆች ሆነው እንዲህ መለያየታቸው ይገርማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በአንጎላና በዛምቢያ የምትገኘው የኢቨንስ ስኪንክ ጉዳይ ነው። እንቁላሏ 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ለጽንሱ የሚበቃ አስኳል የለውም። ጽንሱ ወደ ማሕፀኗ ግድግዳ ዘልቆ ይገባል፤ እናቱም ምግቡን ከሞላ ጎደል በሙሉ በእንግዴ ልጅ በኩል ትሰጠዋለች። ልክ እንደ አጥቢዎች ማለት ነው። ተመራማሪዎች ይህን በዝርዝር ያሳተሙት በ2012 ነው።

«ማታ አምፖል ሥር ከማየው ጌኮ ከሚባለው እንሽላሊት በምን ልለያት?»

አንደኛ፣ እሷ የቀን ናት። ሁለተኛ፣ ዓይኗን ልብ ይበሉ። አብዛኞቹ ጌኮዎች ዓይናቸውን መክደን ስለማይችሉ በምላሳቸው እየላሱ ነው የሚያጸዱት። ስኪንኳ ግን ትከድናለች። የታችኛው ቆብ ላይ ደግሞ እንደ መስኮት ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ አላት፤ ጨፍናም ታያለች። አቧራ በሚነሳበት ቀን ይቺን ነገር ስንቴ ተመኝቻታለሁ።