የሃያ ሳንቲሙ ተጫዋች፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በጎልፍ ውድድር አሸናፊ ላይ ስለሚደረገው የትንበያ ገበያ ግዢና ሽያጭ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱን መርጠን መልሰናል። የጸሐፊዎቹን ስም ትተን ሰፈራቸውን ብቻ ጠቅሰናል። ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አዘጋጆች። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሲሆን የምሠራው ገላን በሚገኝ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቨርጂኒያ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ ሣር በመንከባከብ ሥራ ላይ ይገኛል። በስሙ በከፈተው አካውንት የጎልፍ አሸናፊ ይሆናል ያለውን ተጫዋች ይገዛል፣ ከመግዛቱ በፊትም እኔን ያማክራል። ሁልጊዜ የምንመርጠው ዋጋው ከሁሉ የሚበልጠውን፣ ማለትም ብዙ ሰው ያመነበትን ተጫዋች ነው። ሰፈራችን ካለው ቤቲንግ ቤት የፕሪሚየር ሊግ ትኬት ስቆርጥ ትልቁን ቡድን ከያዝኩ ብዙ ጊዜ አላፍርም፤ በጎልፍ ግን ትልቁ ተጫዋች በተደጋጋሚ አስበልቶናል። ከዚህም ሌላ የሁሉም ተጫዋቾች ዋጋ ሲደመር ከ100 ሳንቲም ይበልጣል። ነገሩ ማጭበርበር አለበት ወይስ እኛ ያልገባን ነገር አለ?» ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ ከጻፉልን ውስጥ ማጭበርበርን የሚያመለክት ነገር አላገኘንም። በትንበያ ገበያ የሚሸጠው ውል ነው። «ይህ ተጫዋች ያሸንፋል» የሚለው ውል ተጫዋቹ ካሸነፈ 1 ዶላር ይከፍላል፣ ካላሸነፈ ምንም አይከፍልም። ስለዚህ ውሉ በ20 ሳንቲም ከተሸጠ ገዢና ሻጭ የተገናኙት ተጫዋቹ ከ5 ጊዜ 1 ጊዜ ያሸንፋል በሚል ግምት ላይ ነው፤ እርስዎ በሚያውቁት በቤቲንግ ቤቱ አነጋገር ኦዱ (ሲበሉ ያስያዙት ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር) 5 ነው ማለት ነው። ቤቲንግ ቤት ኦዱን ራሱ ያወጣል፣ ሲበሉም ከራሱ ካዝና ይከፍላል። በትንበያ ገበያ ግን ከእርስዎ ትይዩ የሚቆመው «አያሸንፍም» ብሎ 80 ሳንቲም ያስያዘ ሌላ ሰው ወይም ድርጅት ሲሆን፣ ገበያውን የሚያስተዳድረው ኩባንያ የአገልግሎት ክፍያውን ይወስዳል።

ያሳሳታችሁ ከእግር ኳስ ይዛችሁት የመጣችሁት ልማድ ይመስለናል። በአንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ የሚሰለፉት ሁለት ቡድኖች ስለሆኑ ትልቁ ቡድን ከግማሽ በላይ ዕድል ሊኖረው ይችላል። ዘ ኦፕን በሚባለው የብሪታንያ የጎልፍ ውድድር ግን ሐሙስ ዕለት 156 ተጫዋቾች ይጀምራሉ፣ እያንዳንዱም በአራት ቀንና በ72 ጉድጓድ ከቀሩት 155 ጋር በአንድ ጊዜ ይፎካከራል፤ የሚያሸንፈውም ኳሱን በጥቂት ምት ጉድጓዶቹ ውስጥ ያስገባው ነው። ታይገር ዉድስ እጅግ ገናና በነበረበት በ2000 ከተሳተፈባቸው 20 የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካ ዋነኛው የጎልፍ ውድድሮች ዙር) ውድድሮች ያሸነፈው 9ኙን ነበር። ስኮቲ ሼፍለር በ2024 በ19 የቱሩ ውድድሮች ተሰልፎ 7 ጊዜ አሸነፈ፤ ይህም በዚህ ስፖርት ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ያየው ውጤት ነበር። ዘመኑን የገዛው ተጫዋች እንኳ የሚሸነፍበት ጊዜ ከሚያሸንፍበት ከበለጠ፣ 20 ሳንቲም የሚያወጣው ተጫዋች ቢሸነፍባችሁ የሚያስገርም አይደለም። ዋጋው ፍጹም ትክክል ነው ብንል እንኳ፣ እንዲህ ያለውን ተጫዋች በ5 ውድድሮች ብትገዙ አምስቱንም የመበላት ዕድላችሁ 33 በመቶ ያህል ነው፤ በ10 ውድድሮች አሥሩንም የመበላት ዕድላችሁ ደግሞ 11 በመቶ ያህል ይሆናል።

ተጫዋቹ ጎበዝ መሆኑን ገበያው ያውቃል፣ ሃያ ሳንቲም ያስከፈላችሁም ለዚያው ነው። ማወቅ የሚኖርባችሁ እውነተኛ ዕድሉ ከሃያው በላይ መሆን አለመሆኑን ነው። 100 ውል በ20 ሳንቲም ብትገዙ 20 ዶላር ታወጣላችሁ፣ ካሸነፈም 100 ዶላር ትቀበላላችሁ። እውነተኛ ዕድሉ 25 በመቶ ከሆነ ግዢው ከጊዜ ብዛት ያተርፋል። 16 በመቶ ከሆነ ግን በእያንዳንዱ ግዢ በአማካይ 4 ዶላር ይሸረፋል፣ አልፎ አልፎ የሚገኘውም ድል መሸረፉን ከዓይን ይሰውረዋል። ሁሉም የሚያውቀውን ስም ብቻ እየመረጡ መግዛት፣ በእኛ ግምት፣ ወደ ሁለተኛው ያደላል።

ከዋጋው የተሻለ ማወቅ የሚቻልበት ቦታ ጨርሶ የለም አንልም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ተጫዋቾች በሁለት ፈረቃ ይወጣሉ፤ ሐሙስ ጠዋት የተጫወተ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይጫወታል፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የተጫወተም ዓርብ ጠዋት። በብሪታንያ የባሕር ዳርቻ ሜዳዎች ነፋሱ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ተነሥቶ ዓርብ ረፋድ ላይ ቢበርድ፣ ከተጫዋቾቹ ግማሹ ያለ አንዳች ጥፋቱ ነፋሱን ሁለት ጊዜ ይቀበላል፣ ግማሹ ደግሞ ያመልጠዋል። ነገር ግን የአየር ትንበያውንም የፈረቃ ዝርዝሩንም ኮምፒውተር ይዘው የሚነግዱ ሰዎች ከእናንተ ቀድመው አንብበውታል። የወንድምዎ የሣር ዕውቀት የምር ዕውቀት ነው፤ ሆኖም የሚጠቅመው ውድድሩ እርሳቸው በሚያጭዱት ሜዳ ላይ ሲደረግ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሜዳውን የውስጥ መረጃ ይዞ መነገድ በገበያው ደንብም በአሠሪያቸውም ዘንድ ሊያስጠይቃቸው ይችላል።

ድምሩ ከ100 ሳንቲም የሚበልጥበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው በገዢ ዋጋና በሻጭ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ እርስዎ የደመሩት ሻጮች የጠየቁትን ዋጋ ስለሆነ፣ ገዢዎች ያቀረቡትን ቢደምሩ ከ100 በታች ሊያገኙ ይችላሉ። ሁለተኛው ብዙ ሰው አያስተውለውም። ትንሹ ዋጋ 1 ሳንቲም በሆነበት ገበያ፣ እውነተኛ ዕድሉ ከሺህ አንድ የሆነ ተጫዋችም ከ1 ሳንቲም በታች ሊሸጥ አይችልም። እንዲህ ያሉ 60 ወይም 70 ተጫዋቾች ሲደመሩ ትርጉም የሌለው ብዙ ሳንቲም ይከማቻል። በእርግጥ በ2003 በዓለም የደረጃ ሰንጠረዥ 396ኛ የነበረው ቤን ከርቲስ ዘ ኦፕንን አሸንፏል፤ ባለ 1 ሳንቲም ውል የሚገዙ ሰዎችም እስከ ዛሬ ስሙን ይጠራሉ። በ1 ሳንቲም ገዝተው የቀሩትን ግን ማንም አይቆጥራቸውም።

ጥያቄ፦ «አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖሬ ተመልሼ ለገጣፎ ቤት ሠርቼ እኖራለሁ። አካውንቴ እዚያ ሳለሁ የከፈትኩት ነው። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በ12 ሳንቲም የገዛሁት ተጫዋች ቅዳሜ ሌሊት እየመራ 45 ሳንቲም ገባ። እንዲህ ሲያጋጥም መሸጥ ነው ወይስ መጠበቅ? ደግሞስ የመሸጫ ትዕዛዝ በ60 ሳንቲም አስቀምጦ መተኛት ጥሩ ዘዴ ነው?» ከለገጣፎ

መልስ፦ ውድድሩ ሳያልቅ መሸጥ መቻሉ ይህ ገበያ ከተራ ትኬት የሚሻልበት ዋና ነገር ነው ብለን እናምናለን። 45 ሳንቲም ማለት መሪው ከማሸነፉ ይልቅ አለማሸነፉ ይገመታል ማለት እንደሆነ ልብ ይበሉ። «እየመራ እያለ እንዴት?» የሚል ካለ የእሑድ ታሪኮችን ያስታውስ። ግሬግ ኖርማን ማስተርስ በሚባለው የአሜሪካ ታላቅ ውድድር በ1996 የመጨረሻውን ቀን በ6 ምት መሪነት ጀምሮ በኒክ ፋልዶ በ5 ምት ተበልጦ ወጣ። በ1999 ዘ ኦፕን በካርኑስቲ ሜዳ ላይ ዣን ቫን ደ ቬልድ በመጨረሻው ጉድጓድ 6 ምት እንኳ ቢወስድበት ዋንጫው የእርሱ ነበር። ኳሱን ጅረት ውስጥ ከቶ በ7 ጨረሰ፤ በመለያውም ያሸነፈው በዚያው ቀን ጠዋት 10 ምት ወደኋላ የነበረው ፖል ሎሪ ሆነ። ሮሪ ማክልሮይ በ2025 ማስተርስ በ2 ምት መሪነት ወጥቶ የመጀመሪያውን ጉድጓድ በደብል ቦጊ (ከተመደበለት 2 ምት አብልጦ) ጀመረ፣ መሪነቱን መልሶ ያዘ፣ 13ኛው ላይ ኳሱን ውኃ ውስጥ ጨመረ፣ 18ኛው ላይ ከቅርብ ርቀት ሳተ፤ በመጨረሻ ጀስቲን ሮዝን ያሸነፈው በመለያ ጨዋታ ነው። የእርሱን ውል በዚያ ቀን የያዘ ሰው ዋጋው ስንት ጊዜ ወጥቶ እንደሚወርድ መገመት አያቅትም።

መሸጥ ወይም መጠበቅ የሚወሰነው ገንዘቡ ለእርስዎ ካለው ክብደት አንጻር ነው። ከፊሉን ሸጦ የገዙበትን ገንዘብ ማውጣት ኪሳራን ይዘጋል፤ ዋጋው ትክክል ከሆነ ግን መሸጡም መጠበቁም በአማካይ እኩል ስለሆነ፣ «ብልጥ» የሚባለው መልስ የለም።

ትዕዛዝ አስቀምጦ ስለመተኛት ግን ጠንከር ያለ አስተያየት አለን። ማስተርስ የሚደረግበት የጆርጂያ ግዛት በሚያዝያ ወር ከእኛ በ7 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ እዚያ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ዋንጫው ሊለይ በተቃረበበት ሰዓት፣ ለገጣፎ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ያስቀመጡት ትዕዛዝ በዚያ ሰዓት ሳይነካ ያድራል ወይም አንድ ሰው ይወስደዋል። የሚወስደው መቼ ነው? የተፎካካሪው ኳስ ውኃ ሲገባና የእርስዎ ተጫዋች ዋጋ በድንገት 75 ሳንቲም ሊሆን ሲገባው፣ ይህን ያየ ሰው የእርስዎን 60 ሳንቲም ያፍሳል። በ40 ሳንቲም ለመግዛት ያስቀመጡት ትዕዛዝ ደግሞ የሚሞላው የተጫዋቹ ኳስ ዛፍ ሥር ሲገባ ነው። ትዕዛዝዎን የሚወስደው ሰው ብዙውን ጊዜ እርስዎ ያላዩትን ያየ ነው።

ነቅተው ቢያድሩም ልዩነቱ አይጠፋም። የቴሌቪዥን ሥርጭት በጎልፍ ብዙውን ምት የሚያሳየው ከተመታ በኋላ ቆይቶ ነው፣ የስልክ ሥርጭት ከዚያም ይዘገያል፣ የውጤት መረጃ በቀጥታ ከሜዳ የሚደርሳቸው ግን ሰከንድ አይጠብቁም። መብራት ከጠፋና የሰፈሩ ኔትወርክ ከተንቀራፈፈማ ነገሩ ያለቀለት ነው። ስለዚህ በጨዋታው መሐል መግዛትና መሸጥን ለሌሎች ትተው፣ ውሳኔዎን በየዕለቱ ዙር ካለቀ በኋላ፣ ሜዳው ላይ ኳስ በማይመታበት ሰዓት ቢያደርጉት ይሻላል። የብሪታንያው ውድድር በሐምሌ ከእኛ በ2 ሰዓት ብቻ ስለሚለይ በዚህ ረገድ ቀለል ይላል።

ጥያቄ፦ «ዝናብና ማዕበል አራተኛውን ቀን ቢያሰርዝ ውላችን ይሰረዛል? ሁለት ሰዎች እኩል ቢወጡስ?» ከቡራዩ

መልስ፦ በየካቲት 2024 በፔብል ቢች ውድድር ይኸው ደርሷል። ዊንዳም ክላርክ ቅዳሜ በ60 ምት ጨርሶ በ1 ምት እየመራ አደረ፣ በአየሩ ምክንያት የመጨረሻው ቀን ተሰረዘ፣ ቱሩም በ54 ጉድጓድ አሸናፊ ብሎ አጸደቀው። በአብዛኛው ውሉ የሚከፍለው የውድድሩ አዘጋጅ አሸናፊ ላለው ተጫዋች ነው፤ ቢሆንም እያንዳንዱ ውል የራሱ የመክፈያ ደንብ ስላለው ከመግዛት በፊት ይነበባል። በአሸናፊ ውል ላይ እኩል መውጣት ችግር አይሆንም፤ መለያ ጨዋታ አለ፤ ማስተርስ ላይ በአንድ ጉድጓድ ቀድሞ የበለጠ ያሸንፋል፣ ዘ ኦፕን ላይ የ3 ጉድጓድ ድምር ይታያል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ከመጀመሪያዎቹ 10 አንዱ ይሆናል» በሚሉት ውሎች ላይ ነው፤ 10ኛ ደረጃን አምስት ሰዎች ሊጋሩት ስለሚችሉ አከፋፈሉ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፣ የምኖረው ሰንዳፋ ነው። የእህቴ ልጅ ዕቁብ እንደደረሰኝ ሰምቶ በጎልፍ ትንበያ ገበያ ላይ እንዲያውለው ይለምነኛል። ‹አክስቴ፣ ይህ ገበያ እንጂ ቁማር አይደለም፣ አሜሪካ መንግሥት የፈቀደው ነው› ይለኛል። ገንዘቡን ወደ ክሪፕቶ የሚቀይርለት ሰው አለኝም ብሏል። እውነት ነው?» ከሰንዳፋ

መልስ፦ ክብርት መምህርታችን፣ የእህትዎ ልጅ ከተናገረው ውስጥ እውነትም አለበት። ካልሺ የተባለው የትንበያ ገበያ ኩባንያ በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት የወደፊት ግብይት ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሥር በ2020 ተመዝግቦ ይሠራል። ይሁን እንጂ በ2025 የስፖርት ውሎችን መሸጥ ሲጀምር የኔቫዳና የኒው ጀርሲ ግዛቶች «ይህ ያለ ፈቃድ የሚካሄድ የስፖርት ውርርድ ነው» ብለው እንዲያቆም አዘዙት፣ ክርክሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ፖሊማርኬት የተባለውን በክሪፕቶ የሚሠራ ሌላ የትንበያ ገበያ ደግሞ ይኸው ኮሚሽን በጥር 2022 ሳይመዘገብ በመሥራቱ 1.4 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቶታል። ገበያ ነው ወይስ ቁማር የሚለው እዚያው አገር ያልተቋጨ ክርክር ነው።

እኛ አገር ግን ጉዳዩ የሚታየው በሌላ ሕግ ነው። የውርርድ ሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ብሔራዊ ሎተሪ ነው፤ አሜሪካ የተሰጠ ምዝገባ ሰንዳፋ ላይ ፈቃድ አይሆንም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ብሩን የሚቀይረው ሰው ቢጠፋ ወይም ቢክድ፣ እርስዎ ሄደው የሚከሱበት ደረሰኝም ውልም አይኖርዎትም። ይህ ተጫዋቹ ያሸንፍ አያሸንፍ ከሚለው ይቀድማል።

የእህትዎን ልጅ ሳያስቀይሙ ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ አካውንቱ በማን ስም ነው፣ እስካሁን ያስገባውና ያወጣው ገንዘብ ዝርዝር የታለ፣ ትርፍ ቢገኝ ዶላሩ በየትኛው ባንክ በኩል ወደ አገር ይገባል? እንደ ካልሺ ተመዝግበው የሚሠሩ ኩባንያዎች የተጠቃሚን ማንነት በመታወቂያ ስለሚያጣሩ፣ በሌላ ሰው ስም ያለ ገንዘብ ሲታገድ መጠየቅ የሚችለው ባለ ስሙ ብቻ ነው። ለእነዚህ የሚያቀርብልዎት መልስ ከስልክ ላይ የተነሣ ምስል ብቻ ከሆነ፣ የዕቁቡን ገንዘብ እንዲሰጡት አንመክርም።