የጠላቂ ዕቃ በቀጥታ ግዥ ስታቀርብ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ላሉህ

የሳቢያኑ ልጅ ጥያቄህን አየሁት፣ የድሬ ልጅ ስለሆንኩ አንተ ነው የምልህ። አንድ የጦር ተቋም ለጠላቂዎቹ ፉል ፌስ ማስክ (ፊትን ሙሉ የሚሸፍነው) እና ሬጉሌተር (የሲሊንደሩን አየር ለመተንፈስ የሚመጥነው) ያለ ጨረታ ካንተ ብቻ ሊገዛ ነው፣ ፋይናንሱ ደግሞ ሌላ ሁለት ፕሮፎርማ ጨምርበት አለህ፣ ምን ላድርግ ነው ያልከው። አቦ እንዳታመጣ! ከጓደኛህ ሱቅ ማኅተም አስመታና ተገላገል ያሉህን ሰዎችም ተዋቸው፣ አንተ ስትጠየቅ አብረውህ አይቆሙም።

1ኛ፣ ቀጥታ ግዥ ላንተ ዓይነት ዕቃ የሚፈቀደው እኮ በቴክኒክ ምክንያት ዕቃውን ሊያቀርብ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ነው፣ ወይም ድሮ ከገዙት ዕቃ ጋር የሚገጥም መለዋወጫ ሲፈለግ። በድሮው የፌዴራል ግዥ አዋጅ 649/2001 እንደዛ ነበር የተጻፈው፣ አሁን በ1333/2016 ስለተተካ አዲሱን ራስህ አውርደህ አንብበው። እንግዲህ ፋይሉ ውስጥ ሦስት ሱቅ ዋጋ ሰጥቶ ከተገኘ አንተ ብቸኛው አቅራቢ ነህ ያለው ማነው? ኦዲተር መጀመሪያ የሚያነሳው እሷኑ ነው፣ ያኔ ፋይናንሱ እኔ አላልኩም ይልሃል፣ በቃል ነዋ የነገረህ።

እኔ የገጠመኝ ቢሮ (ስሙን ተወው) የመስኮቷ ልጅ ስልኳን ከጆሮዋ ሳታነሳ በመስታወቱ ውስጥ ሦስት ጣት አሳየችኝ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ ሦስት ጣት። እህቴ ከአንድ አቅራቢ ይገዛ የሚል ደብዳቤ የራሳችሁ አለቃ ፈርሟል ብላት አሠራራችን ነው ብላ መጋረጃውን ሳበችው። ኃላፊዋ ጋ ስገባ ደግሞ እሱ ጭራሽ ነጋዴ ሕግ ሊያስተምረን መጣ ብሎ ሳቀብኝ። ሙቀቱን ታውቀዋለህ፣ ፋኑ ወደሱ ብቻ ዞሯል። እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም፣ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ስጡኝና አመጣለሁ አልኩ። በጽሑፍ ይሰጡሃል? ዝም አሉ። ዕቃውን የሚጠቀሙበት ጠላቂዎች አለቃ፣ ሻምበል ነው፣ ጉዳዩ ወዲያው ገባውና ቴክኒክ ኮሚቴ አስቀምጦ ምክንያቱን በቃለ ጉባኤ አስያዘ። ፋይሉ ከዛ በኋላ ነው የተንቀሳቀሰው።

2ኛ፣ ምክንያቱን የሚጽፈው ገዢው ነው፣ አንተ ማቀበል ብቻ ነው ያለብህ። ከፋብሪካው ራሱ የውክልና ደብዳቤ፣ የዱባይ ነጋዴ የጻፈውን አይደለም። ምክንያት ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ተጠንቀቅ፣ የአየር ሲሊንደራችን ዲን ክር ነው (ሬጉሌተሩ የሚታሰርበት የተለመደው ጥርስ)፣ የሚገጥመው የእሱ ሬጉሌተር ብቻ ነው ካሉ ያስቃል፣ ዲን የማይሠራ ፋብሪካ የታለ? ሚዛን የሚደፋው እጃቸው ላይ ያለው ማስክና የውሃ ውስጥ መነጋገሪያው የአንድ ፋብሪካ ሆኖ የሌላው መለዋወጫ እንደማይገባበት፣ የሚጠግኑት ልጆችም የሠለጠኑት በዛው ፋብሪካ መሆኑ ነው። ጣና ላይ ነው የምንጠልቀው የሚለውም ብቻውን አያዋጣም፣ ከፍታው ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነ ለባሕር ወለል የተሠራ የመጥለቂያ ሰንጠረዥ (ስንት ሜትር ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው) እንዳለ አይሠራም፣ እውነት ነው፣ ግን የከፍታ ማስተካከያ ያለው የጠላቂ ኮምፒውተር ብዙ ኩባንያ አለው። ይሄን ስፔክ ላይ አስገባው እንጂ ብቸኛ አቅራቢ ለመሆን አትመካበት።

ዋጋ ላይ ይከራከሩሃል፣ ተወዳዳሪ ስለሌለህ በዝቷል ማለታቸው አይቀርም። ፋብሪካው ለሌላ አገር የሸጠበትን ኢንቮይስ ካገኘህ አያይዝ አፋቸውን ይዘጋል። ብቻ ዋጋ ለመቀነስ ብለህ ሲሊንደሩን አየር የሚሞላውን የኮምፕሬሰሩን ማጣሪያና የአየር መመርመሪያውን እንዳትቆርጥ። የመተንፈሻ አየር በአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 12021 ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከ5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 5 እጅ) ማለፍ የለበትም፣ ኮምፕሬሰሩ የጄነሬተር ጭስ ከሳበ ማስኩ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን ሰውየው የሚተነፍሰው መርዝ ነው። እኔ ላይ ፋይናንሱ ይሄ ትርፍ ነው ይውጣ ብሎ ነበር፣ ሻምበሉ ነው ጠረጴዛ መትቶ ያስመለሰው፣ እግዜር ይስጠው።

ሲሊንደር በአየር የምታስመጣ ከሆነ ባዶ መሆኑን ላኪው በጽሑፍ ይስጥህ፣ ግፊት ካለው አደገኛ ጭነት ነው። በጅቡቲ ከሆነ የሃይድሮ ፍተሻው (ሲሊንደሩ ግፊት መቻሉን በውሃ የሚፈተንበት) ቀን አንገቱ ላይ የተመታውን ፎቶ ሳይጫን በፊት አስልከህ እይ፣ በብዙ አገር በየ5 ዓመቱ ነው የሚፈተሸው፣ ቀኑ የተቃጠለ ከመጣብህ ተረካቢ ኮሚቴው አይፈርምልህም። የአምራቹ ደብዳቤ ናሙና ከፈለግክ ኢንቦክስ በለኝ፣ ስሞቹን አጥፍቼ እልክልሃለሁ።