አደይ አበባ በባልዲ ይበቅላል? ጥያቄና መልስ

ግንቦት ሲገባ ስለ አደይ አበባ የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል። ዘንድሮ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ እዚሁ ልመልስ። እኔ አራት ኪሎ አንዲት ጠባብ ጓሮ ውስጥ ችግኝ አፈላለሁ። ስለዚህ መልሴ ሰፊ ግቢ ላለው ሳይሆን ለመሀል ከተማ ሰው ነው።

ጥያቄ (ከሰንጋተራ)፦ ጋሼ፣ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ላይ አደይ ለእንቁጣጣሽ ማድረስ እችላለሁ?

መልስ፦ ፀሐይ የሚገባልህ ከሆነ ትችላለህ። ዘሩን ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መጀመሪያ ላይ ዝራ። ሜዳ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ዝናብ ሲጀምር ይበቅላል፣ ክረምቱን ያድጋል፣ መስከረም ላይ ያብባል። በደንብ የታጠበ የቀለም ባልዲ ይበቃሃል። ታቹን ግን ብሳው። የአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ቀልድ አያውቅም፤ ውሃው መውጫ ካጣ ሥሩ ይበሰብሳል። ዘሩን አርቀህ አትቅበረው፣ አፈር በስሱ አልብሰው። ቡቃያው ስንዝር ሲያክል ጫፉን ቁረጠው። እጅህ እንዳይሳሳ! ያኔ ወደ ጎን ቅርንጫፍ ያወጣል፣ አበባውም ይበዛል። ያልተቆረጠው ሽቅብ ይረዝምና የፎቅ ንፋስ ያጋድመዋል።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ አምና ፍግ ሳልሰስት ሰጠሁት። ቅጠሉ አማረ፣ አበባ ግን ጠብ አላለም።

መልስ፦ ፍጉ ነዋ! ምግብ ሲበዛለት ጉልበቱን ለቅጠል ያውለዋል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ ትንሽ ብስባሽ ይበቃዋል። ደግሞ ልጠይቅሽ፦ ጎንሽ አዲስ ፎቅ አልተሠራም? ጥላ የዋለበት አደይም እንዲሁ ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ በዋዜማው ከቄጤማ ጋር ከምገዛው እቅፍ ዘር ይወጣል?

መልስ፦ አይወጣም እናቴ። አንድ አበባ የሚመስልዎት የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። ዳር ዳር ያለው ቢጫ ንብ ለመጥራት ነው፤ ዘር የሚይዘው መሀሉ ነው። እሱም እተክሉ ላይ እንዳለ መድረቅ አለበት። የእቅፉ አበባ ሲጠወልግ ዘሩ ገና ጮርቃ ነው። ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ወደ እንጦጦ ግርጌ ብቅ ካሉ የደረቀ ያገኛሉ። ከየተክሉ ጥቂት ብቻ ይልቀሙ፣ ወረቀት ውስጥም ያስቀምጡት። ፌስታል ያሻግተዋል።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ጥቅምት ላይ ከከተማ ስወጣ ማሳው ሁሉ ቢጫ ነበር። አደይ ነው?

መልስ፦ ማሳ ላይ ተዘርቶ ካየኸው ኑግ ሳይሆን አይቀርም። ከአደይ ጋር ቤተሰብ ናቸው፣ መምታታቱ አይገርምም። ኑግ ግን በራሱ የአበባ ብናኝ ዘር አይቋጥርም፣ ብናኙ ከሌላ የኑግ ተክል በንብ መምጣት አለበት። ባልዲ ውስጥ ለብቻው ብትተክለው ያብባል፣ ዘይት ግን አትጠብቅ።

ጥያቄ (ከስታዲየም አካባቢ)፦ የገዛሁት ክሪሳንተምም ሁለተኛ አላበበም። የመንገድ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ በረንዳዬ ላይ ያበራል። ችግር አለው?

መልስ፦ ጥፋተኛው እሱ ይመስለኛል። ክሪሳንተምም የአደይ ዘመድ ነው፤ እምቡጥ ለመያዝ ግን ረጅም ጨለማ ይፈልጋል። የአበባ እርሻዎች ይህን ስለሚያውቁ፣ ቅርንጫፉን እየቆረጡ ችግኝ የሚያወጡበት እናት ተክል እንዳያብብባቸው ሆን ብለው ሌሊት መብራት ያበሩበታል። አንቺ በተቃራኒው መብራት የማይደርስበት ጥግ ፈልጊለት።

ጥያቄ፦ አደዬን ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ወረረው።

መልስ፦ ሳሙና በውሃ በጥብጡና በማታ ከቅጠሉ ሥር ርጩ። በማግስቱ በንጹሕ ውሃ እጠቡት።

ጥያቄ (ከአምባሳደር)፦ መስቀል ካለፈ በኋላ የኔው መድረቅ ጀመረ። ልንቀለው?

መልስ፦ አትቸኩል። የአንድ ዓመት ተክል ነው፤ ዘር ከጣለ በኋላ መሞቱ አይቀርም። ግንዱን ኅዳር ላይ ቆርጠህ ጣለው። የባልዲውን አፈር ግን አትድፋው፤ የረገፈው ዘር በሚቀጥለው ሰኔ ራሱ ብቅ ሊል ይችላል።