ጥያቄና መልስ፦ ፌሎውሺፕ ይዞ ወደ ተገፋ ሰፈር መግባት

ከተገፉ ማኅበረሰቦች ጋር በአካባቢ ፍትሕ ላይ ለሚሠሩ ተማሪዎች ስለሚሰጠው ፌሎውሺፕ (የሥራ ማካሄጃ ገንዘብ) ብዙ ጠይቃችሁኛል። አራቱን መርጫለሁ።

«የአካባቢ ፍትሕ ከአካባቢ ጥበቃ በምን ይለያል?»

ጥበቃ ወንዙ ተበክሏል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ፍትሕ ሲጨመርበት ደግሞ የተበከለው ወንዝ በማን ደጅ ያልፋል፣ ሲወሰንስ ማን ተጠየቀ ይላል።

«የማጠናው ሶሺዮሎጂ ነው። ላመልክት ወይስ ልተወው?»

አመልክቺ እንጂ! መንገዱን ከጠረጉት አንዱ ሶሺዮሎጂስት ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ፣ ጥቁሮች በሚኖሩበት ሰፈር ቆሻሻ መጣያ ሊከፈት ሲል ነዋሪዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። ጠበቃቸው ሊንዳ ማኪቨር ቡላርድ ማስረጃ ያስፈልጋት ነበር። ባሏ፣ የሶሺዮሎጂ መምህሩ ሮበርት ቡላርድ፣ ተማሪዎቹን አሰማራ። ማርከርና ስፒል ይዘው በወረቀት ካርታ ላይ መጣያዎቹን አንድ በአንድ ምልክት አደረጉ። ጥቁሮች ከከተማው ሕዝብ ሩብ ያህል ብቻ ነበሩ። የከተማው አስተዳደር ንብረት የሆኑት አምስቱም መጣያዎች ግን እነሱ ሰፈር ተገኙ። ከአስተዳደሩ ስምንት የቆሻሻ ማቃጠያዎችም ስድስቱ እዚያው። ነዋሪዎቹ በ1985 ተረቱ። እኔን ግን ያ ካርታ ዛሬም ያስደንቀኛል፤ ተማሪዎች የሠሩት ነዋ።

«ፕሮፖዛሌ ወደቀ። ‹የማኅበረሰቡን ግንዛቤ አሳድጋለሁ› ብዬ ነበር። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?»

እዚያው ላይ ይመስለኛል። ጭስ ሲተነፍስ የሚውል ሰው ስለ ጭሱ ካንተ በላይ ያውቃል። የሚያንሰው መለኪያ፣ የተወሳሰበውን ሰነድ አብሮት የሚያነብ ሰው፣ ውሳኔ ወደሚሰጥበት ስብሰባ የሚያስገባው በር ነው። ስለዚህ ሳትጽፍ ሂድ። ሰፈሩ ውስጥ ማን ሲታገል እንደቆየ ጠይቅ፣ ጥያቄውን ከነሱ ተቀበል። የድጋፍ ደብዳቤውም «ጎበዝ ልጅ ነው» ብቻ አይበል፤ እነሱ ምን እንደሚሠሩ፣ አንተ ምን እንደምትሠራ በግልጽ ይዘርዝር። በጀት ውስጥ የነዋሪዎችን ጊዜ፣ ትራንስፖርትና አስተርጓሚ አስገባ፤ የሰጪው ደንብ ከፈቀደ አትሳሳ። ቀኑን ሙሉ አብሮህ የዞረን ሰው በምስጋና ብቻ መሸኘት ነውር ነው።

«10 ሳምንት ብቻ ነው ያለኝ። ምን ይሠራል?»

ትንሽ፣ ግን የሚያልቅ ነገር። ፍሊንት የምትባለው የአሜሪካ ከተማ በ2014 እ.ኤ.አ. የውሃ ምንጯን ስትቀይር ነዋሪው ቢጮህም ሰሚ አጣ። በ2015 ነዋሪዎችና የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አብረው ውሃው ውስጥ ያለውን እርሳስ (መርዛማውን ብረት) መለኩ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ውሃው ቧንቧ ውስጥ ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይነካ ይቆያል፣ ከዚያ መጀመሪያ የሚወርደው ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ናሙናውን የቀዱት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ።

አንቺም አንድ ጥያቄ ያዢና የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ያገኘሽውን ለነዋሪዎቹ መልሰሽ ለመንገር ተያቸው። ውጤቱን በነዋሪዎቹ ቋንቋ በአንድ ገጽ ጻፊው። መረጃው እነሱ ዘንድ ይቅር፣ ከዩኒቨርሲቲውም በፊት እነሱ ይስሙት።